ወባ ነው ብዬ ነበር

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

ዛሬም አልተነሳም። ሰሊጡ ቢጫ ሆኗል፣ ቅጠሉን አራግፏል። ከሦስት አራት ቀን በላይ አይጠብቀንም፤ አፉን ከከፈተ ፍሬው መሬት ላይ ነው። ባሌ ሙላት ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኝቷል። ወር ሆነው። አይበላም፣ አይቆጣም፣ ልጆቹን ቀና ብሎ አያይም። አምና የተከመረውን ሰሊጥ ዝናብ አበስብሶብን በሬዎቹን ከሸጥን ወዲህ ነው እየከፋው የመጣው።

ለሰው ሁሉ "ወባ ነው" እያልኩ ነው። እዚህ ቆላ በወባ የተኛን ማንም አይንቅም።

የጎረቤቴ የአበባ ባል ፈንታሁንም አምና እንዲሁ ዝም ብሎ ነበር። እሱ ግን ባለትራክተር ነው። "ሐሳብ በዝቶበት ነው" ተባለለት። ጎንደር ወስዳ አሳከመችው። ሲመለስ ሰፈሩ "እንኳን እግዜር ማረህ" ሊለው ጎረፈ። እኔም ሄድኩ፣ ጥርሴን ነክሼ። ሰው በበሽታ ይቀናል? እኔ ቀናሁ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ጉድ ሆንኩ። የጤና ኤክስቴንሽኗ ወባውን ሰምታ ልትመረምረው መጣች። ጣቱን ወጋች፣ ጠበቀች። "ወባ የለበትም" አለች። ድምጿ ደግሞ! ሴቶቹ ጀሪካን ይዘው በደጅ እያለፉ ነበር።

ከሰዓት ቦኖው ጋ አንዷ "ወባ ሳይሆን አልጋው ነው የያዘው" አለች። ሳቁ። አበባ ብቻ አልሳቀችም። ያ ይበልጥ አናደደኝ። አዲስ ሻሽ አስራለች፣ ፊቷ ወዝቷል።

ቤት ገብቼ ሙላት ላይ ጮህኩበት። "እኩዮችህ ማሳ ናቸው!" አልኩት። "አውቃለሁ" አለ፣ በቃ። ምነው ምላሴን በቆረጠው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ዛሬ አቦ ነው፣ ማጭድ አይነሳም። ደስ አለኝ፤ የሌላውም ሰሊጥ እንደኛው ቆሞ ዋለ።

አበባ መጣች። ተቀመጭ ለማለት ቆየሁ። "አንች፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" አለችኝ። "ለእናንተማ ጎንደር አለላችሁ" አልኳት። አልተቀየመችም። ፈንታሁን አሁን መድኃኒቱን የሚወስደው ከዚሁ ከጤና ጣቢያችን ነው፤ ሐሙስ ሐሙስ እንዲህ ያለውን የሚያይ ነርስ አለ አለች።

ከዚያ ቀስ ብላ "ብሞት ይሻላችኋል ብሎሽ ያውቃል?" አለችኝ።

ቅዳሜ ብሎኛል። ለማንም አልተናገርኩም፣ እዚህም አልጻፍኩትም። እሷ ፊት አለቀስኩ።

"ነገ ይዘሽው ሂጅ፣ ሰሊጡን ለኔ ተይው" አለች። ያለን እሱ ብቻ ነው፤ እሱንም በዚች ሴት እጅ ልተው? ግን ሰሊጥ ለከርሞም ይዘራል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

በባጃጅ ሄድን። ነርሱ ቀስ ብሎ ጠየቀው። ሙላት "ልጆቼ ሲያዩኝ አፍራለሁ" አለ። ነርሱ "ስንፍና አይደለም፣ በሽታ ነው" አለኝ። ደግመህ በልልኝ አልኩት። ክኒኑ ለመሥራት ሳምንታት ይፈልጋል፣ ብቻውን አትተይው፣ በሚቀጥለው ሐሙስ ተመለሱ ብሎናል።

ስንመለስ በማሳው በኩል መጣን። አበባ ደቦ ጠርታ ኖሯል፤ ሰሊጡ ታጭዶ ሊያልቅ ነው። ቦኖው ጋ የሳቀችብኝ ሳትቀር መጥታለች። ፈንታሁንም ማጭድ ይዟል። ማመስገን ሲገባኝ መጀመሪያ የመጣብኝ ሌላ ነው፤ ደግነቱ እንኳ ለሷ ይትረፍ?

ሙላት ጥላ ስር ተቀመጠ። ሁላችንም እንዳላየነው ሆንን። ከዚያ ተነስቶ ወደ አንዱ ነዶ ሄደና ማሰሪያውን ሳብ አደረገው።

"ይኼን ማነው ያሰረው? ልል ነው፣ ሲያቆሙት ይፈርሳል" አለ።

ሳይጠይቁት ስለ ሥራ ሲናገር በወሩ የመጀመሪያው ነው። ፈታው፣ በጉልበቱ ጫን ብሎ መልሶ አሰረው። አንዱን ብቻ፤ ደክሞት ተቀመጠ። ነገ ይነሳ አይነሳ እንጃ።

"አበባ ናት" አልኩት ቶሎ ብዬ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።