ጫማ ሰፊው የደገመው ስንኝ

ለአናጢው ወንድሜ፣

ጤናዬ ደህና ነው፤ የተላቀቀው የጫማዬ ሶል ብቻ ነው። ጫማ ሰፊው ማስቲሹን ቀብቶ «እስኪደርቅ ይቀመጡ» አለኝና ጊታር አነሳ። ብሉዝ የሚሉትን የፈረንጅ የሐዘን ዘፈን ጀመረ። አንድ እግሬ በካልሲ ቀርቷልና የት እሄዳለሁ? «ዛሬም ሁለት ሰሃን አወጣሁ» አለ። መልሶ ያንኑ አለ። ከዚያ «አንዱን ሳልነካው መለስኩት» ብሎ ዘጋ።

«አንዴ ሰምቼሃለሁ፤ ምን ያስደጋግምሃል?» አልኩት።

«አባባ፣ ጆሮማ ቶሎ ይሰማል። የሚዘገየው ሆድ ነው» አለኝ፣ ቀና እንኳ ሳይል።

ዘፈን እንደማልወድ ታውቃለህ፤ የሥራ ቤትህን ሬዲዮ የምዘጋው እኔ ነኝ። ሰውየው ግን ሐዘኑን እየተናገረ በእግሩ ምት ይመታ ነበር። ካልሲ ያጠለቀው እግሬም አብሮ ሲመታ አየሁት፤ አላስቆምኩትም።

ያለ አስተማሪ ፊደል ስቆጥር አንዴ ያነበብኩትን አልደግምም ነበር፤ የሰው ነገርም እንዲሁ መስሎኝ ኖርኩ። ባለቤትህ ያረፈች ሰሞን አንዴ አጽናናሁህ። እሷን ደግመህ ስታነሳ «ይህን እኮ ተነጋግረናል» ብዬ ባርኔጣዬን አንስቼ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ስሟን በፊቴ ጠርተህ አታውቅም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ስመለስ ስለ እሷ አጫውተኝ፤ የነገርከኝንም ድገመው፣ አልነሳም።

ቦታ ስላለቀ የወረቀቱ ጠርዝ ላይ ነው የምጽፈው። ልጆችህን ሳምልኝ። እግዜር ያጽናህ። እግዜር ያጽናህ።