የዳኘው ልጅ

ባሕር ዳር፣ መጋቢት 20 ቀን 1973 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፤

እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደኅና ነኝ፤ ተመስገን። የእናታችን ጉልበት ተሻላት? ያቺ ተዋጊ ላምስ ወለደች?

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። መሠረተ ትምህርት ገብተሽ የመጀመሪያ ደብዳቤሽ እንባ ብቻ ይሁን? አባታችን ውሸታቸው ሳይነቃባቸው በእኔ ፋንታ አንቺን ለዳኘው ልጅ ሊሰጡ ቆርጠዋል አልሽኝ፤ ያውም ከዳግማይ ትንሣኤ ማግስት። አታገቢውም! ስሚኝ፣ አታገቢውም! እንባሽን ጥረጊና አንብቢ።

አጎታችን የዳኘውን ወንድም ገድሎ፣ ሽማግሎች ደሙ በጋብቻ ይድረቅ ብለው እኔን ሲያጩኝ፣ የሰውየውን ስም እንኳ ማን ነገረኝ? «የዳኘው ልጅ» ብቻ። አገራቸው የቀን መንገድ ነው፤ መልኩንም አላየሁ። ከቁንዝላ በታንኳ ከጠፋሁ ጀምሮ፣ ደሙ በወንድማችን ላይ ይመጣል እያልሁ ሁለት ዓመት ሙሉ ስሠጋ ኖርሁ። አባታችን «ልጄ ታማ ፀበል ናት» እያሉ ሸፈኑልኝ። የዳኘው ሰዎችም «የእኛ ልጅ ዘመቻ ላይ ነው፣ ይመጣል» ይላሉ ብለሽ ጻፍሽልኝ።

ዘመቻ! ወይ ዘመቻ!

ፋብሪካችን ፈትል ክፍል ስለሚሠራው ስለ አስማማው ጽፌልሽ አልነበር? ያ ሳቂታው። ዛሬ ከቅዳሴ መልስ ሐይቁ ዳር ተቀምጠን የሽንብራ ቆሎ ስንበላ ደብዳቤሽን አነበብሁለት። እጮኛ ጥዬ መምጣቴን እስከ ዛሬ አፍሬ አልነገርሁትም ነበር። «ዳኘው» የሚለው ላይ ስደርስ ቆሎው ከእጁ ረገፈ። የየት አገር ዳኘው ነው አለኝ። ነገርሁት። ከዚያ አባትሽ አንዳርጋቸው ናቸው ወይ ብሎ አይጠይቀኝ መሰለሽ! እኔ እንዳልገኝ ብዬ በአያቴ ስም ነው የተቀጠርሁት። ለካስ እሱም በአያቱ! ለካስ እሱም «የአንዳርጋቸውን ልጅ አላገባም» ብሎ እኔ በጠፋሁ በሳምንቱ ጠፍቷል! የጎርጎራ ልጅ ነኝ ይለኝ ነበር፣ ውሸታም፤ እኔስ የዘጌ ልጅ ነኝ ብዬው የለ።

«የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» ማለት ይኸው ነው፣ እህቴ! ዓሣ አስጋሪዎቹ ዞረው እስኪያዩን ድረስ ሳቅን። ከዚያ እኔ አለቀስሁ፣ በደስታ።

አሁን ሮጠሽ ለአባታችን «ፀበሉ አሽሏታል፣ ሙሽራዋ ራሷ ትመጣለች» በያቸው። አስማማውም ከዘመቻ ፈቃድ አገኘሁ ብሎ ለአባቱ እየጻፈ ነው። አንዱ ወገን የሌላው ልጅ መጥፋቱን ሳያውቅ ደሙ ይድረቅ። አንቺ ደግሞ ትምህርትሽን እንዳታቋርጪ፤ ለመስከረም እዚህ አስገባሻለሁ።

የጣና ገዳማት ጸሎት ከክፉ ይሰውርሽ፤ ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥሽ። እናታችንን ጉልበቷን ሳሚልኝ።

ሙሽራዋ ታላቅ እህትሽ

ረስቼው፦ እናታችን የሙሽራ ቀሚሴን በድሮው ልኬ እንዳታሰፋው፤ ወገቡ ላይ ለቀቅ ይበል። ለምን ብላ አትጠይቅሽም።