አልረግብ ያለ አረፋ

ዛርዚስ፣ ሐሙስ ከቀትር በኋላ

ለታላቅ እህቴ፣

እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽስ? ሐኪሙ ያዘዘልሽን ቅባት ትቀቢያለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ በወይራ ዘይት ተካሽው? እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን። ሱቁ ክፍት ነው፤ ባሕሩም ዛሬ ጸጥ ብሏል። ነፋሱ ግን ከበረሃው በኩል መምጣት ጀምሯል።

በስልክ ያልነገርኩሽ፣ አንቺ ስልክ ስታነሺ ድምፁን ለመድኒን ሰፈር ሁሉ ስለምትለቂው ነው። ይህን ደብዳቤ የታክሲ ሾፌሩ በእጅሽ ይሰጥሻል። ልጅሽ ዙሄይር ነገ ማታ ከሥራ ወደ ቤት ከመምጣቱ በፊት ብቻሽን አንብቢው።

ማክሰኞ ልጅሽ ወደሚሠራበት የሃይድሮጅን ጣቢያ ሄጄ ነበር። የዕለት ማስታወሻዬ ላይ የጻፍኩት ሦስት ቃል ነው፤ "ጣቢያ። አረፋ። ሽታ።" አሁን ዘርዘር ላድርግልሽ።

እዚያ የሚሠሩትን ታውቂያለሽ። ከፀሐይ የሚገኘው ኤሌክትሪክ ውሃውን ለሁለት ይከፍለዋል፤ በአንዱ የኒኬል ወንፊት ላይ ሃይድሮጅን፣ በሌላው ላይ ኦክስጅን አረፋ ሆኖ ይወጣል። መሃላቸው ስስ መጋረጃ አለ። ሁለቱ ከተቀላቀሉ አንድ ብልጭታ ይበቃቸዋል። ውሃው ደግሞ ንጹሕ ውሃ አይደለም፤ አባታችን ሳሙና ሲያበስል ይጨምረው የነበረው ዓይነት፣ እጅ የሚልጥ ነገር ተበጥብጦበታል።

ድሮ ዙሄይር በማሽኑ የመስታወት መስኮት ሲያሳየኝ አረፋው የመርፌ ጫፍ ያህል ነበር። ወንፊቱ ላይ ይወለዳል፣ ጥቂት ይቆያል፣ ከዚያ ለቆ ሽቅብ ይሄዳል። ላይኛው በርሜል ውስጥ ፈንድቶ ጋዙ ለብቻው፣ ውሃው ለብቻው ይሆናል። እኔ ያቀረብኳቸው ሃያ አራት አዳዲስ ወንፊቶች ከገቡ ወዲህ ግን በርሜሉ ውስጥ ነጭ አረፋ ተቆልሎ አልረግብ ብሏል። ውሃው ተመልሶ ሲዞር አረፋውን ከነጋዙ ይዞ ወደ ማዶው፣ ሃይድሮጅኑን ወደ ኦክስጅኑ በኩል፣ ይሻገራል።

"አጎቴ፣ ወንፊት ነው ወይስ ሳሙና የሸጥክልን?" አለኝ ልጅሽ እየሳቀ።

እኔ አልሳቅኩም። ወንፊቶቹ ተጠቅልለውበት የመጡትን ጨርቅ ከጥግ አንስቼ አሸተትኩት። የወይራ ዘይት ነው። ዘይት ከዚያ እጅ ከሚልጥ ውሃ ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚሆን በአባታችን ድስት አይተናል፤ ሳሙና።

ታስታውሺ እንደሆነ የጭነት መኪናው ተበላሽቶ ወንፊቶቹ ዙሄይር በሌለበት አንቺ ግቢ ሁለት ቀን ቆይተው ነበር። አዲስ ብረት ቤት ሲገባ ምን እንደሚደረግ ሁለታችንም ከእናታችን አይተናል። የስፌት መኪናሽ፣ የሱቄ መዝጊያ፣ የዙሄይር የመጀመሪያ ብስክሌት፣ በዘይት ሳይታሽ ያለፈ የለም። "ቅባት ያልቀመሰ ብረት ደም ይጠማዋል" ትል ነበር እናታችን። ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ጣቢያው ወንፊት ሲረከብ በአሲድ አጥቦ ነው የሚያስገባው። ዙሄይር ሳያጥብ "ታጥቧል" ብሎ ፈርሟል። ለምን ስለው፣ "የአጎቴን ዕቃ ልጠርጥር እንዴ?" አለኝ። በንግድ ዘመኔ ሁሉ ማንም እንዲህ አክብሮኝ አያውቅም። ባላከበረኝ ይሻል ነበር።

የባሰም አለ። ፀሐይ ስትደክም የሚወለደው ጋዝ ያንሳል፤ ወደ ማዶው የሚሻገረው ግን ያው ነው። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ድብልቁ ይከፋል። ኦክስጅኑ ውስጥ የገባው ሃይድሮጅን ከመቶ ሁለት እጅ ሲደርስ ማሽኑ ራሱን ያጠፋል። በየጠዋቱ እየጠፋ ሲያስቸግራት የዙሄይር አለቃ ኢንጂነር አርዋ ማጥፊያውን አስነቀለችው። "የታመመው መለኪያው ነው፤ ዙሄይር ማሽኑ አጠገብ ቆሞ በዓይኑ ይጠብቅ" አለች። ቅዳሜ ጣቢያውን የሚጎበኙ እንግዶች ይመጡባታል። ቅዳሜ ደግሞ አቧራ ይነሣል ተብሏል፤ ፀሐይዋ ቀኑን ሙሉ የጠዋት ፀሐይ ሆና ትውላለች።

ትናንት ሄጄ ነገርኳት። "ዘይት ነው። እንዳይዝግ ብዬ ያሸሁት እኔ ነኝ" አልኳት። ስለ ዙሄይር ፊርማ ትንፍሽ አላልኩም።

"ሃጂ፣ እርስዎ ወንፊትዎን ይሽጡ፤ አረፋውን ለእኛ ይተዉልን" አለችኝ።

"ልጄ፣ እኔ የሳሙና ሠሪ ልጅ ነኝ። አረፋን ካንቺ በፊት አውቀዋለሁ" ብላት፣ "እሺ፣ ከቅዳሜ በኋላ እናጥበዋለን" ብላ በሩን አሳየችኝ። ከእሷ በላይ ያለው ሰው ስልክ አያነሣም።

እንግዲህ የምልሽን አድርጊ። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ታመሚ። ስትፈልጊ መታመም ታውቂበታለሽ፤ የመጀመሪያ የኒካህ ጋብቻዬን ያፈረስሽው በዚሁ ዘዴ ነው፣ ደግ አደረግሽ። ደረትሽን ያዢ፣ ዙሄይር ሐኪም ቤት ይውሰድሽ፣ እስከ ቀትር እጁን አትልቀቂ።

እሱ ሲቀር የሚተካው ሰው ሪድሃ ይባላል። እናቱን አላውቃትም። ይህን ጽፌ ሰረዝኩት፤ ተመልሼ ጻፍኩት። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ስለዚህ እኔም ቅዳሜ ማለዳ እዚያ እሆናለሁ። ከፀሐይ ሰሌዳዎቹ ወደ ማሽኑ የሚመጣው ወፍራም የኤሌክትሪክ ገመድ በየት በኩል እንደሚገባ ዙሄይር አሳይቶኛል። ፀሐይ ሳትወጣ ገመዱ ሙት ነው፣ ሲቆርጡት አይናከስም። ከወጣች በኋላ ግን ሌላ ነገር ነው። ትልቁን የብረት መቁረጫ ከሱቅ አውጥቼ መኪናው ውስጥ አድርጌዋለሁ። ዘበኛው ያውቀኛል፤ የሃልዋ ጣፋጭ እወስድለታለሁ። መንገድ ላይ አቧራው ካልያዘኝ እደርሳለሁ።

የሱቁ ቁልፍ ጎረቤቴ ፋርማሲስቱ ጋ ነው። ፖሊስ ወይም ሌላ ሰው መጥቶ ቢጠይቅሽ፣ ወንፊቶቹ የቆዩት እኔ መጋዘን ነው። ያንቺን ግቢ አላዩም። ለዙሄይርም እንዲሁ በይው። ዕድሜ ልክሽን እንዲሁ በይው።

ማሰሮው ውስጥ የቀረውን ዘይት አትድፊው፤ ዘይቱ ምንም አላጠፋም። ቅዳሜ ከሐኪም ቤት ስትመለሱ ለልጅሽ እንቁላል ጥበሺበት።

አላህ ጉልበትሽን ያበርታልኝ። እጅሽንም ይባርክልኝ፤ ያሰበው በጎ ነበር።

ታናሽ ወንድምሽ