«መብራት» ያልሁት መልስ

ሚስጥር፣

ማክሰኝት ሄጃለሁ። ዛሬ ውሃ ይመጣል፤ በጀሪካኑ ቅጂ።

የኮምፒውተር ፕሮግራመሮቹ ከስብሰባው ለምን እንደሚቀሩ በጠየቅንበት መጠይቅ ላይ አንዷ «አዳራሹ ስለሚያስፈራኝ ቀረሁ» ብላ የጻፈችውን «መብራት» ከሚለው ርዕስ ሥር የከተትሁት እኔ ነኝ። አንቺ «ምኑ ነው የሚያስፈራት?» ስትይኝ «ሥራ አታብዢብኝ» አልሁሽ።

ጠዋት ዜማ ደወለች። ለካ እሷ ናት የጻፈችው። ያስፈራት ጨለማው ሳይሆን ሰው ሲወጣ በሩን ከውስጥ የሚቆልፍባት አስተባባሪያችን ነው። የሪፖርቱን ረቂቅ የቴሌግራም ግሩፑ ላይ አይታ ኖሮ «አምፖል ነው የምትገዙልኝ?» አለችና ስልኩን ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ ስልኳ አይሠራም፤ ማክሰኝት የምሄደውም እሷን ፍለጋ ነው።

ሪፖርቱን ዛሬ ከሰዓት የሚያቀርበው ያው አስተባባሪው ነው። እባክሽ እንዳይነበብ አድርጊ። ስሟን ለማንም እንዳትነግሪ፤ ይህን ወረቀትም ቅደጂው።

ምናልባት አንቺ ጋ ከደወለች፣ ስለ እኔ ይቅርታ አትጠይቂልኝ። ዝም ብለሽ ስሚያት።

መሲ