የዶርካስ ደመኛ

ሄዘርቤክ፣ በመስከረም መግቢያ

ለታላቅ እህቴ፣

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ሐኪሙ ደረጃ አትውጪ ብሎሻል አሉ። አንቺ የሰው ምክር የሰማሽ ዕለት ምን እንደሚዘንብ እንጃ። ባልሽ ኦልዊን ደህና ነው? ዶሮዎችሽስ ላባቸውን መጣል ተዉ? እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። ጣራው ያፈሳል፣ ባልዲ ደቅኜበታለሁ።

ግን ላታልልሽ አልፈልግም። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባል የለ? እኔም ሳሌን አስቀድሜ ልሳል። በነሐሴው የመንደር ውድድር ላይ ኬክሽን ያስጣልኩት እኔ ነኝ። ዳኛዋ በራሷ የደረሰችበት እንዳይመስልሽ። ነገሩን የነገርኳት እኔ ነኝ፤ ዛሬም ቢሆን እነግራት ነበር።

ለምን እንዳደረግኩት ታውቂዋለሽ። ግን የማታውቂ መምሰል ያምርብሻልና ከሥሩ ልንገርሽ።

ባሌ በሞተ በዓመቱ «የሄዘርቤክ እመቤት» በቴሌቪዥን ጀመረ። የገዛ ሸለቋችን፣ የገዛ የሱፍ ፋብሪካችን፣ አስፋልቱ ላይ አፈር ተደፍቶበት፣ ፈረስና ጋሪ እየሄደበት፣ ቅድመ አያቶቻችን የኖሩበት ዘመን ሆኖ መጣ። ያን ክረምት ከአልጋዬ የምነሳበት ምክንያት አልነበረኝም። እሁድ ማታ ግን ነበረኝ። ዶርካስም እንደ እኔ ባሏ የሞተባት ናት፤ ፋብሪካውን ከባሏ ወንድም መንጋጋ ለማዳን ብቻዋን ትታገላለች። ብቻዬን ባንክ ቤት መግባት፣ ብቻዬን በደህና ሳህን ራት መብላት የተማርኩት ከእሷ ነው። ሰው ይስቅብኝ ይሆናል። ይሳቅ።

አንቺ ደግሞ በየእሁዱ ሹራብሽን ይዘሽ ከጎኔ ትቀመጪያለሽ። ላጽናናሽ ነው የመጣሁት ትያለሽ፣ ማጽናናትሽ ግን እግዜር ያሳይሽ። እኔ ዶርካስ ስታለቅስ አለቅሳለሁ፣ አንቺ የካፖርቷን ቁልፍ ትመረምሪያለሽ። የቀብር ሥነ ሥርዓት እየታየ «ይሄ ባቡር እኮ ያን ጊዜ ገና እዚህ አልደረሰም» ትያለሽ። የተራቡ ሠራተኞች ሾርባቸውን ሲጠጡ ድንቹ የዚያ ዘመን ድንች አይደለም ትያለሽ። እውነት ለመናገር ብዙውን ጊዜ ልክ ነበርሽ። ዓይንሽ ከልጅነትሽ ጀምሮ እንከን ሲፈልግ ያደገ ዓይን ነው፣ እናታችንም ትለው ነበር።

ከዚያ ሦስተኛው ዓመት አለቀ። የባሏ ወንድም ሰዎች መዶሻ ይዘው የፋብሪካውን በር ሲደበድቡ፣ ዶርካስ ከውስጥ እጇን መቀርቀሪያው ላይ ስታሳርፍ፣ ቴሌቪዥኑ ጨለመ። ትከፍት ይሆን፣ ትዘጋ ይሆን እያልን ክረምቱን ስንጠብቅ ጣቢያው ድራማውን አቋርጫለሁ አለ። በቃ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያቺ ሴት እጇን ብረቱ ላይ አድርጋ ቆማለች። እኔም አብሬያት ቆሜያለሁ። ይህን ስነግርሽ ምን እንዳልሽኝ ታስታውሻለሽ?

«ተዋናይዋ እኮ አሁን የጥርስ ሳሙና ታስተዋውቃለች፤ ምን ሆነች ብለሽ ነው?»

ዋጥ አደረግኩት። የዶርካስን ጥቁር ቀሚስ ሰፍቼ ከሌሎቹ ወዳጆቿ ጋር በዓመት አንዴ ፋብሪካው ደጃፍ ስንሰበሰብ፣ ሐዘንሽን ተከናንበሽ ለፎቶግራፍ ትቆሚያለሽ ብለሽ በመንደሩ ሱቅ ስታወሪብኝም ዋጥ አደረግኩት። እህት ናት አልኩ።

የውድድሩ ቀን ግን ድራማውን የሠራችው ፊሊፓ ድንኳኑን ልትከፍት ከለንደን መጣች። ሪባኑን ቆርጣ ዞር ስትል ጥቁር ቀሚሴን አየችና መጥታ እጄን ያዘች። ለምን አቋረጣችሁት ብዬ ጠየቅኳት። መጀመሪያ ስለ ወጪ ምናምን ቀባጠረች። አልለቀቅኳትም። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል፣ አንድ ብርጭቆ የፖም ጠጅ ከቀመሰች በኋላ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

«ለሰው እንዳትነግሪ እንጂ፣ የጨረሰን ከዚሁ ሸለቆ የሚመጣ ቅሬታ ነው» አለችኝ። «በየሳምንቱ! ቁልፉ ተሳስቷል፣ ባቡሩ ተሳስቷል፣ ድንቹ ተሳስቷል። አለቆቹ ደብዳቤ አያነቡም፣ የቅሬታውን ብዛት ነው የሚያዩት። የገዛ አገሩ ያልወደደውን ማን ይወደዋል አሉና ዘጉት።»

ጸሐፊው ማን እንደሆነ ጠየቅኳት። አታውቅም። ደብዳቤ የሚቀበሉት ሌሎች ናቸው፣ እሷ ዘንድ የሚደርሰው ስሕተቱ ብቻ ነው፣ ስምም ምስጋናም አይደርሳትም። ግን ስም ምን ያደርግልኛል? ቁልፍ፣ ባቡር፣ ድንች! ከሶፋዬ ላይ የወጣውን የአንቺን ድምፅ ሰማሁት። ባሌ ሲሞት የቀረችልኝን አንዲት ሴት ከጎኔ ቁጭ ብለሽ፣ ሻይዬን እየጠጣሽ ነው የቀበርሻት።

ብድር በምድር ነው። ያን ቀን ለኬኩ ዳኛ ሳህን የማቀርበው እኔ ነበርኩ። ሳህን አቅራቢ አፍ እንደሌለው ደንቡን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም። እናታችን ከሞተች ወዲህ ዋንጫው ከአንቺ መደርደሪያ ወርዶ አያውቅም፤ ዘንድሮም አይወርድም ነበር። ዳኛዋ ወይዘሮ ክሮስዌይት ከኬክሽ ቆረሰች፣ ቀመሰች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ እጇን ወደ ቀዩ የአንደኝነት ካርድ ሰደደች። ውስጡ የሚቀባው ማርማላታ በተወዳዳሪዋ እጅ የተሠራ ይሁን ይላል ደንቡ። አንቺ ደግሞ በዚያው ሳምንት ወጥ ቤቴ ገብተሽ፣ እንጆሪዬን ዝናብ አበሰበሰብኝ፣ ከሱቅ ገዝቼ ቀባሁት፣ ይህን የምታውቂ አንቺ ብቻ ነሽ ብለሽ እየሳቅሽ ነግረሽኛል። እኔም አብሬሽ ስቄያለሁ።

«ወይዘሮ ክሮስዌይት፣ የእህቴ ማርማላታ የሱቅ ነው» አልኳት።

ቀዩ ካርድ ተነሳና «ደንቡን አላሟላም» የሚለው ነጩ ተቀመጠ። ሰው ሁሉ፣ ቄሱ ሳይቀር፣ ለውድድር የተደረደረውን ሽንኩርት የሚያይ መስሎ ሳህንሽን ያይ ነበር። አንቺ ኬክሽን አንስተሽ፣ በዚያ በሚያምሽ ጉልበት እያነከስሽ ወደ መኪናው ሄድሽ። ደስ አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ እንጂ በጣም ደስ አለኝ። ማታ ራቴን አልበላሁም፤ ግን ያ ከደስታው ነው።

ማክሰኞ ኦልዊን መጣ። ቆቡን በእጁ ይዞ በሬ ላይ ቆመ። ከውድድሩ ቀን ጀምሮ ምድጃ አልለኮሰችም፣ ከእኔም ጋር አትነጋገርም አለኝ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ልንገርህ ብዬ የፊሊፓን ነገር ዘረገፍኩለት። ሰማኝ፣ ሰማኝና ራሱን ነቀነቀ።

«እሷ እኮ ለጋዝ ድርጅት እንኳ ደብዳቤ ጽፋ አታውቅም፤ የምጽፍላት እኔ ነኝ» አለ። «አፏ ነው እንጂ እጇ አይናገርም።»

ባል ለሚስቱ ይዋሻል፣ አልፈረድኩበትም። ከዚያ ጠረጴዛዬ ላይ የተከመረውን ፖስታና ቴምብር አየና ይሄ ሁሉ ለማን ነው አለኝ። ለምወዳቸው ሰዎች አልኩት። ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ ሰኞ ሰኞ ለጣቢያው ምስጋና እጽፍላቸው ነበር። ከልብ የሚወድ ሰው አይዋሽምና ከምስጋናው ሥር የታየውን ጉድለት ጣል ማድረጌ አይቀርም፤ ወዳጅ ካልነገራቸው ማን ይነግራቸዋል? ይህንኑ አስረዳሁት።

«ምን ዓይነት ጉድለት?» አለኝ።

ምን ያደርግልሃል አልኩት። ሻይ አፍልቼለት ነበር፣ አልጠጣውም። «እግዜር ያስብሽ» ብሎ ቆቡን አጠለቀና ሄደ። ስለ አንቺ አፍሮ ነው። ደግ ሰው ነው፣ ዕድሉ ነው እንጂ።

አሁን ልብ ብለሽ አንብቢኝ፤ ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለዚህ ነው። ፊሊፓ ሌላም ነገር ነግራኛለች። አለቆቹ ለገና አንድ የመጨረሻ ክፍል ሊፈቅዱላት ተቃርበዋል። ዶርካስ በሩን ትክፈት ትዝጋ በዚያ ይለይለታል። የሙከራ ፎቶግራፉን ሳይቀር በስልኳ አሳየችኝ፤ ዶርካስ ፀጉሯ ሸብቶ፣ ፋኖስ ይዛ ቆማለች፣ አልቅሼ ልሞት ነበር። ውሳኔው በጥቅምት ነው። አንድ ፍርሃት ብቻ ነው ያላት፤ ከዚህ ሸለቆ አንዲት ቅሬታ እንደገና ከደረሰች አለቆቹ ነገሩን ይጥሉታል።

ስለዚህ እህትነቴን ሳይሆን ቁጣዬን ፍሪ። እስከ ጥቅምት አንዲት ቃል እንዳትጽፊ። ከጻፍሽ ከሚመጣብሽ ጋር ሲተያይ የኬክሽ ነገር ምንም አይደለም። ከእናታችን መቃብር ላይ አበባ አብረን አናስቀምጥም፤ ስሞትም ከሬሳዬ ኋላ እንዳትሄጂ ለቄሱ እነግራለሁ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም፤ አንቺም ዝም በይ።

ዶርካስን ግን ጠበቃ አልባ አልተውኳትም። ዛሬ ጠዋት ራሳቸው እንዲያነቡት ብዬ በቀጥታ በአለቆቹ አድራሻ ረጅም ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ሸለቆው እንዴት እንደሚወዳት፣ እኔን ከአልጋ እንዴት እንዳነሳችኝ፣ ሁሉንም ጻፍኩ። መጨረሻ ላይ፣ እንደ ወዳጅ፣ ያ ዓይነቱ ፋኖስ በዶርካስ ዘመን ገና እንዳልተፈለሰፈ፣ የኮሌታዋ ዳንቴልም የማሽን ሥራ እንደሆነ በአክብሮት አሳሰብኳቸው። አሁን ወርጄ ሁለቱን ደብዳቤዎች አብሬ ፖስታ ሳጥን ውስጥ እከታቸዋለሁ። የእነሱ ወፍራሙ ነው።

እግዜር ጉልበትሽን ይማርልሽ። ቤትሽን ሰላም ያድርግልሽ፣ ኦልዊንን ይጠብቅልሽ። ዶርካስንም ከደመኞቿ ይሰውርልኝ።

ያው ታናሽ እህትሽ