የዶሮዋ ቀልድ

አንተ ሰውዬ፣ እንዴት ሰነበትክ? ትናንት እዚህ ያረፍኩባት የአክስቴ ልጅ ወደ በጎ አድራጎት ክበባቸው ሳምንታዊ ስብሰባ ይዛኝ ሄደች። አሮጌ መነጽር እያደሱ ለአቅመ ደካሞች ይሰጣሉ። ሕጋቸውን ብታይ! ያረፈደ አባል ቀልድ ያወራል፤ አንድ ሰው ካልሳቀለት አይቀመጥም።

አንድ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር አሉ። ሁሌ ያረፍዳሉ፤ ሁሌም የሚያወሩት አውቶቡስ ውስጥ እንቁላል የጣለችውን ዶሮ ነው። ትናንት ግን መሀል ላይ ሲደርሱ መጨረሻው ጠፋባቸው። ባርኔጣቸውን እያሻሹ ቆመው ቀሩ። ይሄኔ ሊቀመንበሯ፣ አንዲት ኮስታራ ፋርማሲስት፣ «እሺ ጋሼ፣ ታዲያ ትራፊኩ ምን አለ?» ስትል፣ ቤቱ በሙሉ ባንድ አፍ «ትርፍ ጭነሃል!» ብሎ ጮኸ። ከሁሉም አብልጠው የሳቁት ራሳቸው ሹፌሩ ናቸው፤ ገና ዛሬ የሰሙት ይመስል እንባቸው እስኪወርድ።

እኔ ግን አንተ ትዝ አልከኝ። እኛ ማኅበር ላይ ያንን የጥርስ ሐኪሙን ቀልድህን ስትጀምር፣ «ኧረ ሰምተነዋል፣ ቁጭ በል!» ያልኩህ እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ከስብሰባ ቀረህ፤ እኔም አፌን ሞልቼ ይቅርታ ሳልልህ ወራት አለፉ።

ፖስት ካርዱ ሞላ፣ ጠርዙ ላይ እየጻፍኩ ነው። እህቴን፣ ባለቤትህን፣ ሳምልኝ፤ ልጆቹንም። እሁድ እገባለሁ። ማክሰኞ የኛ ስብሰባ ና፣ አርፍደህ ና! ከመጀመሪያው ጀምርልን። መጨረሻው ቢጠፋብህ እኔ አለሁ።