በልዩነት ፈረምኩ

ሰኞ፣ ጥቅምት 10፣ ጠዋት 3:15
በአምስቱም ኮምፒውተሮች ላይ ያቺ የመጠበቂያ ክብ ትሽከረከራለች። የይለፍ ቃል ታስገቢያለሽ፣ ሃያ ደቂቃ ትጠብቂያለሽ። ከዓርብ ጀምሮ እንዲህ ነው። ግማሹ የቢቸና ሰው በመሥሪያ ቤታችን በረንዳ ላይ ተሰልፏል። ደብተሬ፣ ተናድጃለሁ! ኃላፊያችን አቶ ገረመው በባለጉዳይ ፊት «አንቺ ልጅ፣ እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ ከሞጣ ሌላ የኮምፒውተር ባለሙያ አስመጣለሁ» አለኝ። ኮንትራቴ በወሩ መጨረሻ ያልቃል። ምን ማለቱ እንደሆነ ገብቶኛል። (እዚህ ደብተሬ ላይ አንቱ አልለውም። ቢሮ ውስጥ አንቱ የምለው ይበቃዋል።)

ማክሰኞ፣ ጥቅ. 11፣ ከሰዓት 11:00
ገመዱን ሁሉ ነቅዬ ሰካሁ። ኮምፒውተሮቹን የሚያገናኘውን ስዊች አጥፍቼ አበራሁ። የአንዱን ኮምፒውተር ሶፍትዌር እንደ አዲስ ጫንኩ፣ ግማሽ ቀን በላኝ። ያው ነው። የመዝገብ ቤቷ ወ/ሮ ትሁን ለጊዮርጊስ ጧፍ ተስላልኛለች። ለእኔ፣ ለሙስሊሟ! ሳቄ መጣ፣ ከዚያ እንባዬ። ሁሉንም የሚቆጣጠረው ዋናው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ያለው አቶ ገ. ቢሮ ውስጥ ነው፣ ቁልፉ እሱ ኪስ ውስጥ፣ እሱ ደግሞ ስብሰባ። ሁልጊዜ ስብሰባ!

ረቡዕ፣ 12
ሞጣ ደወልኩ። የአጎቴ ልጅ ሰይድ እዚያ ኮምፒውተር ይጠግናል። ሁሉን ዘረገፍኩለት። ሰማኝና «ሰርቨሩ ስንት ሰዓት ይላል?» አለኝ። እኔ ሥራዬን ላጣ ነው፣ እሱ ሰዓት ይጠይቀኛል! ስልኩን ዘጋሁበት።

ሐሙስ፣ 13፣ ጠዋት
አቶ ገ. በመጨረሻ ከፈተልኝ። የሰይድ ጥያቄ ትዝ አለኝ፣ አየሁ። የሌሎቹ ኮምፒውተሮች ሰዓት 10:00 ይላል፣ የሰርቨሩ 4:00። ስድስት ሰዓት ልዩነት! ሰርቨር ሰዓቱ ያልገጠመለትን ኮምፒውተር አያምንም። ያ ይጠይቃል፣ ይህ ይከለክላል፣ እስኪታክታቸው።
ማን ነካው? ራሱ አቶ ገ.! ሳያፍር ነገረኝ። ባለፈው ሐሙስ አንድ ሽማግሌ ከጉንደ ወይን መጡ። የቀጠሮ ወረቀታቸው በፈረንጅ ሰዓት ታትሞ 9:00 ይላል፣ እሳቸውም ከሰዓት በ9 ደረሱ። ተራቸው ግን ጠዋት 3 ላይ አልፏል። አዘነላቸውና ሰርቨሩን ወደ ሐበሻ ሰዓት መለሰው። ማዘኑን አልጠላሁበትም። እኔም አዝን ነበር። ግን አራት ቀን ሙሉ ሲያዋርደኝ አንዴ እንኳ ትዝ አይለውም?
ሰዓቱን አስተካከልኩ። የቀጠሮ ወረቀቱ ብቻ በእኛ ሰዓት እንዲታተም አደረግሁ። ሁሉም ኮምፒውተሮች ወዲያው ተከፈቱ። ወ/ሮ ትሁን እልል አለች። ሰይድን ይቅርታ ጠየቅሁት፣ ሳቀብኝ።

ዓርብ፣ 14
ስብሰባ። ቃለ ጉባኤው ቀድሞ ተጽፎ ጠበቀኝ። ችግሩ በባለሙያዋ ክትትል ማነስ ደረሰ፣ በኃላፊው ብርቱ አመራር ተፈታ ይላል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! አቶ ገ. ጠጋ ብሎ «ፈርሚ፣ ኮንትራቱን ሰኞ አድሳለሁ» አለኝ። ሌሎቹ ፈርመዋል። ወ/ሮ ትሁንም ፈርማለች፣ ቀና ብላ አላየችኝም።
ብዕሩን ያዝኩ። ሥራውን እፈልገዋለሁ፣ አልዋሽሽም። ከስሜ ጎን «በልዩነት» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ ሰርቨሩን ማን እንደነካው፣ በየትኛው ቀን። የፈረምኩበትንም ሰዓት፦ ከጠዋቱ 4:25።
አሁን ጠረጴዛዬ ጋ ነኝ። አቶ ገ. እየጠራኝ ነው። አንቺ ልጅ አላለም፣ በስሜ ነው። ቢያሰናብተኝም ብዬ ቦርሳዬን ይዤ እገባለሁ።